ያገለገለ ዕቃ፣ የቤት ጣፋጭና የድሮ ቤት፦ ከልጅ ልጆች ጋር ረጅሙን ዕረፍት እንዴት እንደማሳልፍ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጅ ልጆቼ ወደ እኔ ይመጣሉ። ሦስት ናቸው። ትልቋ 11 ዓመቷ ነው፣ መካከለኛው 8፣ ትንሹ ገና 5። የመጀመሪያው ሳምንት በደስታ ያልቃል። ሁለተኛው ላይ «እማማ፣ ደበረን» ይጀመራል።

ብዙ ነገር ሞክሬአለሁ። አሁን የያዝኩት መንገድ ሠርቶልኛል፤ ለሌሎች አያቶች እንዲሆን (ለእናትና ለአባትም ይሆናል) እንደማደርገው አድርጌ ልጻፈው። ነገሩ ሦስት ነው፦ ያገለገለ ዕቃ መግዛት፣ ቤት ውስጥ ጣፋጭ መሥራት፣ ታሪካዊ ቦታ መሄድ። ለየብቻ ሲሆኑ ሦስት አድካሚ ሥራዎች ናቸው። ካስተሳሰራችኋቸው ግን አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይሄዳል። ልጅቷ ማክሰኞ የገዛችው አሮጌ ቁልፍ ዓርብ ዕለት ከአንድ የጥንት በር ፊት ያቆማታል። ዋናው ይሄ ነው። የሚከተለው ሁሉ ይህ እንዲሆን የሚደረግ ዝግጅት ነው።

ሳምንቱን መጀመሪያ ከፋፍሉት

በሳምንት አንድ ቀን ለገበያ፣ አንድ ቀን ለኩሽና፣ አንድ ቀን ለጉዞ። የቀሩት ቀናት ባዶ ይሁኑ። አንድ ዓመት ለየቀኑ ፕሮግራም አውጥቼ ነበር፤ ልጆቹ ተነጫነጩ፣ እኔም ደከመኝ። ባዶ ቀን ያስፈልጋል። የገዙትን ዕቃ የሚጫወቱበት፣ የሚፈቱበት፣ የሚጣሉበትም ቀን ነው።

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦ ገበያ፣ ቀጥሎ ኩሽና፣ መጨረሻ ጉዞ። ገበያ ላይ የተገኘው ዕቃ ጥያቄ ያመጣል። ኩሽና ውስጥ እጅ ሲሠራ ወሬው ይወራል። ጉዞው ላይ መልሱ ይፈለጋል።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ፖስታ አዘጋጁ። በየሳምንቱ ትንሽ ገንዘብ፣ ለሁሉም እኩል፣ እንደ አቅማችሁ። ካለቀ አለቀ፣ አይጨመርም። ካልተነካ ግን ወደሚቀጥለው ሳምንት ይሻገራል። ልጅ በገዛ ገንዘቡ ሲገዛ ዓይኑ ሌላ ነው፤ ያገላብጣል፣ ያሸታል፣ ይጠይቃል፣ መልሶ አስቀምጦ ዞሮ ይመጣል። በእናንተ ገንዘብ ሲሆን ያየውን ሁሉ ነው የሚፈልገው። መካከለኛው ልጅ አምና ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም ሳይገዛ አጠራቅሞ አንድ ጥሩ አጉሊ መነጽር ገዛ። እስካሁን ከእጁ አልወጣም።

ለገበያ ስትወጡ የምትይዙት

አንድ የጨርቅ ቦርሳ ውስጥ ሜትር፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ ማግኔት፣ መጫወቻ የምትሞክሩበት ሁለት የባትሪ ድንጋይና ውኃ አድርጉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የእግር ካርቶን። እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ልጁን ካርቶን ላይ አቁሙት፣ በእርሳስ እግሩን ዙሪያውን አስምሩ፣ ከአውራ ጣቱ ፊት አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ጨምሩና ቁረጡት። ያ ካርቶን ሳይታጠፍ ጫማው ውስጥ ከገባ ጫማው ይሆናል። ልጁ በየቦታው ጫማ ሲያወልቅና ሲያጠልቅ አይውልም። ልጁ አብሯችሁ ባይኖርም መግዛት ትችላላችሁ። ጫማ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ተረከዙ በአንድ በኩል ብቻ ተበልቶ ያለቀ ከሆነ ተዉት። የሌላ ልጅ አረማመድ ይዟል።

ለሱሪም ቤት ውስጥ በደንብ የሚሆነውን አንድ ሱሪ በክር ለኩና ወገቡ ጋ አንድ ቋጠሮ፣ ቁመቱ ጋ ሌላ ቋጠሮ አድርጉ። የተጻፈውን የልብስ ቁጥር አትመኑ። ከአምራች አምራች ይለያያል፣ የታጠበ ልብስ ደግሞ ሊያጥር ይችላል።

ልብስ ሲመረጥ

ልብስ ከውስጥ ነው የሚታየው። ሰልባጅ ስትመርጡ መጀመሪያ ገልብጡት። ስፌቱ የሳሳበት፣ ብብቱ የቢጫ እድፍ የያዘበት፣ ሱሪው በጭን መካከል የሳሳበት፣ አንገትጌው ያለቀበት ቦታ ከውጭ አይታይም። ከዚያ ወደ ብርሃን አንሱት። ብል የበላው ቀዳዳ ብርሃን ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዚፑን ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች ሂዱበት፣ አንድ ጊዜ አይበቃም። የወገቡን ላስቲክ ሳቡትና ልቀቁት። ካልተመለሰ ሞቷል።

ሁሉም ጉድለት እኩል አይደለም። ቁልፍ የጎደለው፣ ጠርዙ የተፈታው ልብስ እንደውም ጥሩ ዕድል ነው፤ ሰው ይንቀዋል፣ እናንተ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ታስተካክሉታላችሁ። ትልቋ ልጅ ቁልፍ መትከል የተማረችው እንዲህ ነው። የተሸበሸበ ልብስም አያስፈራ። የብብት ቢጫ እድፍ ግን ብዙውን ጊዜ አይለቅም። በሙቅ ውኃ ታጥቦ የተኮማተረ የሱፍ ሹራብም ወደ ቦታው አይመለስም። የተበላሸ ዚፕ ማስቀየሪያው ከልብሱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

የልጅ ጃኬት ከሆነ በአንገቱና በኮፍያው ዙሪያ ያለውን ገመድ ቤት ስትገቡ ስባችሁ አውጡት። መንሸራተቻ ላይ ወይም የመኪና በር ላይ ተይዞ ልጅ ሊያንቅ ይችላል።

ኪስ ደግሞ ሁልጊዜ ይፈተሻል። ገንዘብ ወይም የሰው ሰነድ ከተገኘ ለሻጩ ይመለሳል። ይህን ልጆቹ ፊት አድርጉት። አምና አንድ ሰማያዊ ካፖርት ኪስ ውስጥ ትንሽ የታጠፈች ወረቀት አገኘን። በእርሳስ የተሳለች ዓሣ ነበረችባት፣ ሌላ ምንም የለም። ሻጩ ወረቀቷን ውሰዷት አለን። ያን ማታ ልጆቹ እስኪተኙ ድረስ ወሬው እሷ ሆነች፦ ማን ሳላት? ለምን ዓሣ? ለምን ኪሱ ውስጥ ረሳት? ሙዚየም ውስጥ የሚጠየቀው ጥያቄ ይሄው ራሱ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

በምንም ዋጋ የማልገዛው

እዚህ ላይ ቆራጥ ሁኑ። የብስክሌት ሄልሜት አይገዛም። አንድ ጊዜ የተመታ ሄልሜት ውስጡ ተጎድቶ ከላይ ደህና ሊመስል ይችላል። የመኪና የሕፃን ወንበርም ያው ነው፤ አደጋ ደርሶበት እንደሆነ አታውቁም፣ የአገልግሎት ጊዜውም ሊያልፍበት ይችላል። ጎኑ ወደ ታች የሚወርድ የሕፃን አልጋም እንዲሁ። ሕፃናት ተይዘው ስለሞቱበት አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳይሸጥ ከልክላዋለች። ፍራሽ አይገዛም፣ ስፌቱ ውስጥ ትኋን ይደበቃል።

ቀለሙ የተላጠ በጣም የቆየ መጫወቻም ተዉት። በድሮ ቀለም ውስጥ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ይገባ ነበር፤ አሜሪካ ከቤት ቀለም ያስወጣችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ትንሽ ልጅ ደግሞ ያገኘውን አፉ ውስጥ ይከታል።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ክብ እንደ ሳንቲም ያለችው የባትሪ ድንጋይ ናት። ልጅ ከዋጣት ጉሮሮው ላይ ተይዛ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች። መጫወቻው እንዲህ ያለ ድንጋይ ካለው መክደኛው በቡሎን የታሰረ መሆኑን ሳታዩ አትግዙ። ትናንሽ ብርቱ ማግኔቶችም አደገኛ ናቸው፤ ሁለት ከተዋጡ አንጀት ውስጥ ይሳሳባሉ። ከ3 ዓመት በታች ልጅ ቤት ውስጥ ካለ የሽንት ቤት ሶፍት የሚጠቀለልበትን ክብ ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ። በካርቶኑ ቀዳዳ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ሊያንቀው ይችላል።

ዋጋውን ልጁ ይከራከር

መጀመሪያ ላይ ያፍራል። ከጎኑ ቁሙ፣ ግን አትናገሩለት። ከመጠጋቱ በፊት ሦስት ነገር ንገሩት፦ ሰላም ይበል፣ ዕቃውን ለምን እንደወደደው ይናገር፣ ከዚያ የሚችለውን ዋጋ ይጥራ። ዕቃውን እያጣጣለ ዋጋ አያስቀንስ። ሻጩም ሰው ነው፣ ያን ዕቃ ከቤቱ ይዞት ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስት ነገር አንድ ላይ መግዛት ዋጋ ያስቀንሳል። ወደ ማምሻ ላይም ሻጩ ተሸክሞ መመለስ ስለማይፈልግ ይቀንሳል። እምቢ ካለ አመስግኖ መሄድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሻጩ የቸገረው መሆኑ ፊቱ ላይ ከታየ አንከራከርም። የጠራውን እንከፍላለን። ልጆቹ ለምን ብለው ሲጠይቁኝ መንገድ ላይ ነግሬአቸዋለሁ፣ አሁን ራሳቸው ይለዩታል።

ዕቃው ቤት ሲገባ

ቀጥታ መኝታ ቤት አይገባም። በር አካባቢ በቦርሳው ውስጥ ይቆያል። የሚቻለው ልብስ ሁሉ በ60 ዲግሪ ይታጠባል፣ ትኋን ካለ ይህ ሙቀት ይገድለዋል። መታጠብ የማይችለውን (የጨርቅ አሻንጉሊት፣ የሱፍ ኮፍያ) በላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ 4 ቀን አቆዩት። የፕላስቲክ መገጣጠሚያ መጫወቻ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፣ ከ40 ዲግሪ አይለፍ፣ ይጣመማል። እንጨት አይዘፈዘፍም፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ወዲያው ይደርቃል።

ሽታ የያዘ መጽሐፍ ካለ አንድ ካርቶን ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ በሳህን አድርጉና ሳይነካካ አጠገቡ አስቀምጡት፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ሽታው ይቀንሳል። የሻገተ መጽሐፍ ግን መጀመሪያውኑ አይገዛም፣ ሻጋታው ወደ ሌሎቹ ይዛመታል።

ብርጭቆና ሳህን ስትገዙ በጣት ጠርዙን ዙሩት፣ ከዚያ በጥፍር መታ አድርጉት። ደህናው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድፍን ያለ ድምፅ ያወጣል። ልጆች ይሄን ፈተና በጣም ይወዱታል።

ዕድሜውን ማጣራት፣ የምወደው ክፍል

እዚህ ጋ ነው ገበያው ወደ ታሪክ የሚዞረው፤ ጊዜ ስጡት። ጠረጴዛው ላይ ዕቃዎቹን ደርድሩ፣ አጉሊ መነጽሩ ይምጣ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ካርድ ይዘጋጅለት። ካርዱ ላይ ልጁ የሚጽፈው፦ ምንድን ነው? ከምን ተሠራ? መቼ ይመስለኛል? እንዴት አወቅኩ? «እንዴት አወቅኩ» የምትለዋ ካልተሞላች ካርዱ አላለቀም።

አንዳንድ ምልክት ልንገራችሁ። መጽሐፍ ከሆነ ጀርባውን እዩ። አይኤስቢኤን የሚባለው የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፣ ከ2007 መጀመሪያ አንስቶ ደግሞ ከ10 አሃዝ ወደ 13 አድጓል። ስለዚህ ባለ 10 አሃዝ ብቻ ከሆነ ከ2007 በፊት የታተመ ሊሆን ይችላል። ምንም ቁጥር ከሌለው የበለጠ ያረጀ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሁሉም አሳታሚ ቁጥር አያወጣም፣ ስለዚህ «ምናልባት» ብሎ መጻፍን ልጁ እዚህ ይለማመዳል። ካርቶን ማሸጊያ ላይ ባርኮድ ካለ ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። ባርኮድ ሱቅ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ሲሆን የተሸጠው ዕቃ አንድ ፓኬት ማስቲካ ነበር። ትንሹ ልጅ ይህን ከሰማ ወዲህ ማስቲካ ባየ ቁጥር ያነሳዋል።

ሌላው ምልክት የአገር ስም ነው። ሳህን ሥር ወይም ሰዓት ጀርባ «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ካለ ዕቃው የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ነው፣ ያ ስም ከዚያ ውጭ አልነበረም። «ሶቪየት ኅብረት» የሚል ካለ ደግሞ ከ1991 መጨረሻ አያልፍም። ልጆቹ አገር ስሙ ሊጠፋ እንደሚችል ሲሰሙ ዝም አሉ። ትልቋ ካርታ አምጥታ ፈለገች፣ አጣችው። ይህን ያህል ጥያቄ ከአንዲት የስኳር ዕቃ ሥር ወጣ።

ማግኔቱም እዚህ ይጠቅማል። ቢጫ የሚያበራ ዕቃ ማግኔቱን ከያዘ ንጹሕ ናስ አይደለም፣ ከሥሩ ብረት አለ።

የሥዕል መገጣጠሚያ ፐዝል ከገዛችሁ (ቁርጥራጩ ሙሉ መሆኑን ሻጩን ጠይቁ፣ ጊዜ ካላችሁ እዚያው ቁጠሩ) ታሪኩን እየገጣጠማችሁ ንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ለንደን ውስጥ ጆን ስፒልስበሪ የሚባል የካርታ ቀራጭ ካርታ እንጨት ላይ ለጥፎ አገሮቹን በየድንበራቸው በመጋዝ ቆራረጠ፣ ልጆች ጂኦግራፊ እንዲማሩበት። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ የራሳቸውን መሥራት ፈለጉ። አሮጌ ካርታ፣ ወፍራም ካርቶን፣ ሙጫና መቀስ በቂ ነው። አንድ ባዶ ቀን ሙሉ ያዘልን።

የኩሽና ቀን

ይህን አላረዝምም። ሕጌ አንድ ነው፦ ልጁ ራሱ ይሥራ፣ እኔ እሳቱንና ቢላውን እይዛለሁ።

በጣም ቀላሉ የሙዝ አይስክሬም ነው። በደንብ የበሰለ ሙዝ ልጣችሁ ቆራርጡና ሌሊቱን በረዶ ቤት አሳድሩት። ጠዋት በመፍጫ ስትፈጩት መጀመሪያ እንደ አሸዋ ይበታተናል፤ አታቁሙ፣ ትንሽ ቆይቶ ወደ ክሬም ይለወጣል። ስኳር አያስፈልገውም።

ልጆች ላብ እስኪላቸው የሚሠሩት ደግሞ የከረጢት አይስክሬም ነው። አንድ ኩባያ ክሬም ወይም ወፍራም ወተት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ትንሽ ቫኒላ በአንዲት ትንሽ የሚዘጋ ከረጢት ጨምሩ፣ አየሩን አስወጡና በሁለተኛ ከረጢት ደግማችሁ አሽጉት። ትልቅ ከረጢት ውስጥ አራት ኩባያ በረዶና ግማሽ ኩባያ ጨው አድርጉ፣ ትንሿን መሐል ክተቷት፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ በየተራ ያርገፍግፉት። ጨው በረዶውን ከዜሮ ዲግሪ በታች እያለም እንዲቀልጥ ያደርገዋል፤ በረዶው ሲቀልጥ ሙቀቱን ከክሬሙ ይወስዳል፣ ክሬሙ ይረጋል። ፎጣውን አትርሱ፣ ጨዋማው በረዶ እጅ ያቃጥላል። ከመክፈታችሁ በፊትም ትንሿን ከረጢት በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቋት፣ ጨው እንዳይገባባት።

ፈንዲሻ ካፈነዳችሁ ለምን እንደሚፈነዳ ጠይቋቸው። እህሉ ውስጥ 14 በመቶ ገደማ ውኃ አለ። ወደ 180 ዲግሪ ሲደርስ እንፋሎቱ ቅርፊቱን ይሰነጥቀዋል። የማይፈነዳው ቅርፊቱ ቀድሞ የተሰነጠቀው ወይም የደረቀው ነው። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ፈንዲሻና ሙሉ ለውዝ አትስጡ፣ ያንቃሉ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር ፈጽሞ አይሰጥም።

የአሠራሩን ወረቀት ልጁ በራሱ እጅ ይጻፍ። የፊደል ስህተቱን አታርሙት። እኔ የእናቴን የእጅ ጽሑፍ ያለበት አንድ ወረቀት ብቻ ነው የቀረኝ፣ እሱም የገበያ ዝርዝር ነው። ብዙ ቢኖረኝ እወድ ነበር።

የጉዞ ቀን

ትልቅ ቦታ አትምረጡ። ትንሽ ሙዚየም፣ አንድ የድሮ ቤት፣ የድሮ ባቡር ጣቢያ፣ ድልድይ፣ የቆየ የመቃብር ቦታም ይሆናል። ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑን አረጋግጡ፤ ብዙ ሙዚየሞች በሳምንት አንድ ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ፣ ይዘጋሉ። ነፃ የመግቢያ ቀን እንዳላቸው፣ ለልጅና ለአረጋዊ ቅናሽ እንዳለ ጠይቁ። በሩ ሲከፈት ድረሱ፣ ሰው ሳይበዛ። በልታችሁ ሂዱ፣ እንደገባችሁ መጀመሪያ ሽንት ቤት።

ከዚያ ሌላ ነገር ከማየታችሁ በፊት ፖስትካርድ የሚሸጥበት ቦታ ካለ እዚያ ሂዱ። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ካርድ ይምረጥና ካርዱ ላይ ያለውን ዕቃ ሕንፃው ውስጥ ፈልጎ ያግኝ። ልጆቹ እየተጎተቱ ሳይሆን እየመሩ ይሄዳሉ። ሲያገኙት አምስት ደቂቃ ቁጭ ብለው ይሳሉት። ሥዕሉ ቢያምርም ባያምርም ልዩነት የለውም፤ የሚስል ልጅ ዓይኑን ያቆማል።

አንድ ሰዓት በቂ ነው። ገና ደስ ሲላቸው አውጧቸው። እናንተም ጉልበታችሁን ጠብቁ፤ እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ ትልቋን ከታናሾቿ ጋር እዚያው በማያቸው ርቀት «ሂዱና ሦስት ነገር አይታችሁ ንገሩኝ» ብዬ እልካለሁ። ተመልሰው ሲነግሩኝ እኔ ራሴ ከማየቴ የበለጠ ደስ ይላል።

ለምን አይነካም ሲሉ «ሕግ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ጣታችን ላይ ላብ፣ ጨውና ቅባት አለ፣ ብረት ያዝጋል፣ ጨርቅ ያቆሽሻል። ክፍሉ ለምን ጨለማ ነው ካሉም፣ ብርሃን ቀለም ስለሚያደበዝዝ ነው። ሰማያዊው ካፖርት ትከሻው ላይ ደብዝዞ እንደነበር አስታወስኳቸው፣ ገባቸው።

የድሮ ቤት ከሆነ ስለ ንጉሥና ስለ ጦርነት አትጀምሩ። ልጅ የሚገባው ውኃው ከየት ይመጣ ነበር፣ ማን ይቀዳ ነበር፣ ልጆች የት ይተኙ ነበር የሚለው ነው። የደረጃውን ድንጋይ አሳዩአቸው። መሐሉ ጎድጉዷል፣ በእግር ብዛት። ልጆቹ እግራቸውን ጉድጓዱ ላይ እንዲያሳርፉ የሚፈቀድ ከሆነ ያሳርፉ። ግድግዳው ላይ የጥላሸት ምልክት ካለ እሳቱ የት ይነድ እንደነበር ይፈልጉ። የጸሎት ቦታ ከሆነ ጫማ፣ ልብስና ድምፅ እንደ ቦታው ሥርዓት። ጥበቃ የሚሠሩትን ሰዎች ሰላም በሉ፤ ቀኑን ሙሉ እዚያ ስለሚውሉ ሌላ ሰው ያላስተዋለውን ያውቃሉ።

ዓመት ለልጅ ከባድ ነው። «ከ500 ዓመት በፊት» ብትሉት ምንም አይመጣለትም። እኔ በአያት ነው የምቆጥረው። አንድ ትውልድ 25 ዓመት ብንል፣ 100 ዓመት አራት እናቶች በሰልፍ ነው። ሰው ጨረቃ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፣ ያኔ እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ስለዚህ ከእኔ መጠየቅ ይቻላል። የመጀመሪያው የሞተር አውሮፕላን በ1903 ሲበር አምስት እናቶች ወደ ኋላ ነው። ጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስን በ1450ዎቹ ሲያትም ወደ 23። የጊዛ ፒራሚዶች ከ4,500 ዓመት በላይ ናቸው፣ ያ 180 እናቶች ነው። ልጆቹ ይህን ግቢ ውስጥ በጠጠር ቆጠሩት። 180 ጠጠር ደርድረው ጫፉ ላይ ሲቆሙ ትንሹ «ሁሉም እናት ናቸው?» አለኝ። ሁሉም፣ አልኩት።

አሁን የቁልፏን ነገር ልንገራችሁ። ትልቋ የገዛችው ቁልፍ ከእጇ የሚረዝም የብረት ቁልፍ ነበር። ካርዷ ላይ «ለምን ይህን ያህል ትልቅ?» ብላ ጽፋ ነበር። ዓርብ አንድ የድሮ ቤት ሄድን፣ በሩ ላይ ያለው መቆለፊያ የሣጥን ያህል ነው። ካርዷን አውጥታ አስጎብኚውን ጠየቀችው። ውስጡ ያለውን ወፍራም የብረት መወርወሪያ ገፍቶ የሚያንቀሳቅሰው ቁልፉ ራሱ ስለሆነ ጠንካራና ረጅም መሆን ነበረበት አላት። ትንሿ ጠፍጣፋ ቁልፍ የመጣችው ሊነስ ዬል የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በትናንሽ ፒኖች የሚሠራ መቆለፊያ ካወጣ በኋላ ነው። ቤት ስንመለስ የእኔን የበር ቁልፍ ተቀብላ ከእሷ ቁልፍ ጎን አስቀምጣ ሁለቱንም ሳለቻቸው።

ዕረፍቱ ሊያልቅ ሲል

የመጨረሻውን ሳምንት ለማካፈል አድርጉት። ካርዶቹ በአንድ ሣጥን ይቀመጣሉ። ዕቃዎቹ ግን ሁሉም አይቀሩም፤ እያንዳንዱ ልጅ ወደ ቤቱ የሚወስደውን ይመርጣል፣ የተቀረው ታጥቦ፣ ተጠግኖ፣ ቁልፉ ተተክሎ ለሌላ ሰው ይሰጣል ወይም ይሸጣል። የተሰነጠቀ ወይም አደገኛ የሆነ ነገር ለሌላ አይተላለፍም።

ልብስ ሲሰጥ ኪሱ ሁለት ጊዜ ይፈተሽ። ልጆቹ ወረቀት መተው ከፈለጉ ፍቀዱላቸው፣ ግን ስም፣ ስልክ ወይም አድራሻ አይኑርበት። ሰማያዊው ካፖርት ዘንድሮ ለመካከለኛው ጠበበው። ዓሣዋን ከማስታወሻ ደብተሩ አውጥቶ ወደ ካፖርቱ ኪስ መለሳት። ከዓሣዋ አጠገብ ወረቀቷ ላይ ሁለተኛ ዓሣ ሳለ፣ አነስ ያለች፣ ወደዚያው አቅጣጫ የምትዋኝ።